ስሙ ያልገነነ ዩኒቨርሲቲ፣ ስማቸው የገነነ ሰዎች

እኛ ሀገር «የት ተማረች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል። «ማን አስተማራት?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። ምርቃት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚነገረው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ስሙ ፊልም ላይ የተሰማ ከሆነ ሁሉም «እሰይ!» ይላል። ያልተሰማ ከሆነ ትንሽ ዝም ይባልና ወሬው ይቀየራል።

ይኼን ያነሳሁት ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ስለጻፈችልኝ ነው። በኒውሮሳይንስ፣ ማለትም ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ በሚያጠናው ሳይንስ፣ ለፒኤችዲ አሜሪካ ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው፤ ግን እሷ ማጥናት በምትፈልገው ጉዳይ ላይ የሚሠራው ሰው አዲስ ተማሪ ይውሰድ አይውሰድ አልታወቀም። ሁለተኛው እዚህ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ግን እዚያ ያለው ፕሮፌሰር የማስተርስ ጽሑፏን አንብቦ፣ በቪዲዮ አናግሯት፣ «ነይ፣ አብረን እንሥራ» ብሏታል። ቤተሰብ የመጀመሪያውን ይላል። እሷ ልቧ ሁለተኛው ላይ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ የሰጡት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15 እንዲያስብበት ተስማምተዋል፤ በኛ ሚያዝያ 7 መሆኑ ነው። ቀኑ እየደረሰ ነው።

እኔ በዲፕሎማ ሃይስኩል ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለ አንጎል ሳይንስ ልመክራት አልችልም። የዚህን ሳይንስ ታሪክ ግን ማንበብ እችላለሁ። አነበብኩ። ያገኘሁት ነገር ለሷ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ለዛ ነው እዚህ የጻፍኩት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ወጥ ቤት ውስጥ የተገኘ ጥቁር ቀለም

በ1872 ካሚሎ ጎልጂ የሚባል ጣሊያናዊ ወጣት ሐኪም ከፓቪያ ተነስቶ፣ ሚላን አጠገብ አቢያቴግራሶ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ። ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ላብራቶሪ አለ። አቢያቴግራሶ ያለው ግን በሽታቸው የማይድን ሕሙማን የሚቀመጡበት ሆስፒታል ነው። የሄደው ደመወዝ ስለሚያስፈልገው ነበር። ምርምር ለሚወድ ሰው ይኼ ግዞት ነው ማለት ይቻላል።

ጎልጂ ግን አንዲት ትንሽ ወጥ ቤት ላብራቶሪ አደረጋት።

የዘመኑ ችግር ይኼ ነበር። የአንጎል ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነው። ሁሉንም ቀለም ብትቀባው ሁሉም እኩል ይጠቁራል፣ የትኛው ቅርንጫፍ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ አይለይም። ካልቀባኸው ደግሞ ምንም አይታይም። ጎልጂ የአንጎል ቁራጭ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ካጠነከረ በኋላ ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ ነከረው። ያን ጊዜ ጥቂት ሕዋሳት ብቻ፣ ከነቅርንጫፎቻቸው፣ በቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ሆነው ወጡ። ከጫካው መካከል አንዳንድ ዛፍ ብቻ ተለይቶ እንደማየት ነው። ውጤቱን በ1873 አሳተመው። ዛሬም በስሙ የሚጠራው የጎልጂ ዘዴ ይኼ ነው።

ለብዙ ዓመታት ግን ያን ያህል ሰው አላስተዋለውም።

ከስፔን ወደ በርሊን

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ1852 ስፔን ገጠር ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሆኖ ረባሽ ነበር፣ ሥዕል ነው የሚወደው። ሐኪሙ አባቱ ሥርዓት እንዲይዝ ብሎ አንዴ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ፣ አንዴ ጫማ ሰፊ ዘንድ አስገብቶታል። በመጨረሻ ሳራጎሳ ሕክምና ተማረ። የጦር ሐኪም ሆኖ ኩባ ዘምቶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ከዚያ በራሱ ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገዛ።

በዚያን ጊዜ የዚህ ሳይንስ መዲና ጀርመን ነበረች። ስፔን ማንም የሚጠራት አልነበረችም። ካሃል ቫሌንሲያ ሲያስተምር በ1885 ኮሌራ ገባ። በወረርሽኙ ላይ ለሠራው ሥራ የሳራጎሳ አስተዳደር የጀርመን ሥሪት የሆነ ጥሩ የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሸለመው። ሌላው ሰው ገንዘብ ይሻለኝ ነበር ይል ይሆናል። ለሱ ግን ትልቁ ስጦታ ይኼ ነበር።

በ1887 ማድሪድ ሄዶ ሉዊስ ሲማሮ የሚባል ሐኪም ቤት የጎልጂን ዘዴ በዓይኑ አየ። ሲማሮ ዘዴውን ያመጣው ከፓሪስ ነው። ልብ በሉ፣ ዘዴው ከታተመ 14 ዓመት ሆኖታል! ካሃል በዚያው ዓመት ወደ ባርሴሎና ተዛውሮ ሌት ተቀን ሥራ ጀመረ። ዘዴውን አሻሻለው፤ አንዴ ይነከር የነበረውን ሁለቴ ነከረው። በአዋቂ እንስሳ አንጎል ፋንታ ደግሞ የጫጩትና የፅንስ አንጎል ወሰደ፤ ጫካው ገና ሳይጠቀጠቅ ማለት ነው።

ያየው ነገር ጎልጂ ከሚያምነው ጋር የሚቃረን ነበር። ጎልጂ የነርቭ ሕዋሳት አንድ ላይ የተጋመዱ መረብ ናቸው ባይ ነው። ካሃል ደግሞ እያንዳንዱ ሕዋስ ራሱን የቻለ ነው፣ ጎረቤቱን ይጠጋል እንጂ አይቀላቀልም አለ። በ1888 ውጤቱን የሚያሳትምበት መጽሔት በራሱ ወጪ አቋቋመ። የመጀመሪያው እትም 60 ቅጂ ብቻ ነበር። ለውጭ ሳይንቲስቶች ላከላቸው። ግን ስፔንኛ ማን ያነባል?

ስለዚህ በ1889 የቆጠባትን ገንዘብ ይዞ፣ ስላይዶቹን ሻንጣ ውስጥ ከቶ፣ የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ስብሰባ ላይ ለመገኘት በርሊን ሄደ። ማንም አያውቀውም። ማይክሮስኮፖቹን ደርድሮ ስላይዶቹን አስቀመጠና የሚያልፈውን እየጠራ «ና እይ» ማለት ጀመረ። ካዩት አንዱ የዘመኑ ትልቅ ሰው አልበርት ፎን ኮሊከር ነበር። አየ፣ አመነ። ስፔንኛ እስከ መማር ደርሷል ይባላል። በ1891 ቫልዳየር የተባለ ጀርመናዊ ለዚህ ራሱን ለቻለ ሕዋስ «ኒውሮን» የሚል ስም አወጣ። በ1906 ጎልጂና ካሃል የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ጎልጂ እዚያው ሽልማቱ ላይ ባደረገው ንግግር የካሃልን ሐሳብ ተቃወመ። የአንዱን መሣሪያ ይዞ ሌላው እውነቱን አየ።

እንግዲህ የዚህ ሳይንስ መሠረት የተጣለው አንዱ በገጠር ሆስፒታል ወጥ ቤት፣ ሌላው የሳይንስ ዳር ተብላ በምትቆጠር ሀገር ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሄብ

«እሱ የድሮ ነው፣ ዘመኑ ሌላ ነው» የምትሉ አላችሁ። እስቲ ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን እንምጣ።

ዶናልድ ሄብ ካናዳዊ ነው። ለኛ ለአስተማሪዎች የቅርብ ሰው ነው፤ ምክንያቱም የጀመረው አስተማሪ ሆኖ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ መሆን ነበር የሚፈልገው። ሞንትሪያል ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ እየሠራ በትርፍ ጊዜው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና ተማረ። በ1934 አንጎልንና ትምህርትን የሚያጠናውን ካርል ላሽሊን ፈልጎ ቺካጎ ሄደ። በዓመቱ ላሽሊ ወደ ሃርቫርድ ተዛወረ። ሄብ ምን አደረገ? ላሽሊን ተከትሎ ሄደ። በ1936 ዶክትሬቱን ከሃርቫርድ አገኘ። ዛሬ ወረቀቱን ብቻ የሚያይ ሰው «ሃርቫርድ ነው የተማረው» ይላል። ሰውዬው ግን የሄደው ወደ ሃርቫርድ አይደለም፤ ወደ ላሽሊ ነው።

ሄብ በኋላ ማክጊል ተመልሶ በ1949 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ዋና ሐሳቡ በቀላል አማርኛ ሲነገር፣ አንዱ ሕዋስ ሌላውን ደጋግሞ ካነሳሳው በመካከላቸው ያለው መንገድ ይጠነክራል፤ መማር ማለት ይኼ ነው የሚል ነው። ዛሬ ስለ ትውስታም ሆነ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ስታነቡ ስሙን ታገኙታላችሁ።

ማክጊል ካናዳ ውስጥ ስመ ጥር ነው፣ አልክድም። ግን ስም ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ኬምብሪጅ ወይም ሃርቫርድ ነው። ብሬንዳ ሚልነር እንግሊዝ ኬምብሪጅ የተማረች ሴት ናት። በ1944 ከባሏ ጋር ሞንትሪያል መጣች፤ በፈረንሳይኛ ሥነ ልቦና ታስተምር ነበር። የሄብን ሴሚናር ተከታትላ በ1952 ፒኤችዲዋን ከማክጊል ያዘች። በዚያው ከተማ ዋይልደር ፔንፊልድ በ1934 ያቋቋመው የነርቭ ሕክምና ተቋም ነበር፤ እዚያ ገብታ የሚጥል በሽታ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸውን ሕሙማን ማጥናት ጀመረች።

በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ከሚጥል በሽታ እንዲድን ብለው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ወገን ቆርጠው አወጡበት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። አሁን ያገኘውን ሰው ትንሽ ቆይቶ እንደ እንግዳ ያየዋል። ሚልነር ፈተነችው። በመስተዋት እያየ ኮከብ እንዲስል አደረገችው። በየቀኑ እጁ እየተሻሻለ ሄደ፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት ሠርቶት እንደሚያውቅ አያስታውስም። ትውስታ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ የእጅና የወሬ ትውስታ የተለያየ ቤት እንዳላቸው ዓለም የተማረው ከዚህ ነው። ከሐኪሙ ከስኮቪል ጋር በ1957 ያወጡት ጽሑፍ በዘርፉ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው።

ጆን ኦኪፍ ደግሞ የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፣ ኒውዮርክ ያደገ። የተማረው የሠራተኛ ልጆች በሚማሩበት በከተማው ኮሌጅ፣ ሲቲ ኮሌጅ ነው። ለፒኤችዲ ማክጊል ሄዶ የሕመም ስሜትን በሚያጠናው በሮናልድ ሜልዛክ ሥር ሠርቶ በ1967 ጨረሰ። ከዚያ ለንደን ሄደ። በ1971 አይጥ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ የሚነቃ ሕዋስ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንዳለ አሳየ። አንጎል ውስጥ ካርታ አለ ማለት ነው።

ትሮንድሄም

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ሜይብሪትና ኤድቫርድ ሞሰር ናቸው። ሁለቱም ከኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ የመጡ የገጠር ልጆች። ኦስሎ ሲማሩ ፐር አንደርሰን የሚባለውን የሂፖካምፐስ አጥኚ «ተማሪዎችህ አድርገን» ብለው እምቢ ቢላቸውም አልሄድ አሉ። በመጨረሻ ተቀበላቸው። በ1995 ዶክትሬታቸውን ይዘው ኤዲንብራና ለንደን ጥቂት ቆዩ፤ ለንደን ላይ ያገኙት ያንኑ ኦኪፍን ነበር።

በ1996 ከትሮንድሄም ጥሪ መጣ። የኖርዌይ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት ነው በዚህ ስም የተቋቋመው። ከኦስሎ ሰሜን፣ በቅዝቃዜ የታወቀ ከተማ፤ በነሱ ሙያ የሚሠራ ሰው እዚያ የለም ማለት ይቻላል። ግን ለሁለቱም ሥራ ሰጣቸው፣ የላብራቶሪ ዕቃም ፈቀደላቸው። ሄዱ። ምድር ቤት ውስጥ ካሉ ክፍሎች ነበር የጀመሩት።

በ2005 ከዚያ ላብራቶሪ አንድ ጽሑፍ ወጣ። አይጥ ሜዳ ላይ ስትሯሯጥ የሚነቁ፣ የሚነቁባቸው ነጥቦች ሲያያዙ እንደ ቀፎ ባለ ስድስት ጎን ሥርዓት የሚሠሩ ሕዋሳት አገኙ። የኦኪፍን ካርታ መለኪያ መስመር ሰጡት ማለት ነው። በጽሑፉ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስም የሞሰሮቹ አይደለም። የቶርኬል ሃፍቲንግ ነው፤ ቀጥሎ ማሪያን ፊን። ተማሪዎቻቸው ናቸው። «ትሮንድሄም ደግሞ የት ነው?» ተብለው ቢሆን ኖሮ ስንት ጊዜ ይመልሱ ነበር! በ2014 ኦኪፍና ሁለቱ ሞሰሮች የኖቤል ሽልማቱን ተካፈሉ።

ግን አንታለል

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ የሚል ጽሑፍ ይሆን ነበር። ሐሰት ግን ይሆናል።

ታሪክ የሚነግረን የደረሱትን ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ማይክሮስኮፕ ያስቀመጡና ስማቸው ያልተጻፈ ስንት ሐኪሞች አሉ? አናውቃቸውም። ስለዚህ «ትንሽ ቦታ ሂጂ፣ ኖቤል ታገኚያለሽ» የሚል ትምህርት ከዚህ አይወጣም። ስምም ዋጋ አለው። ካሃል በርሊን ባይወጣ ኖሮ 60ዎቹ ቅጂዎች አቧራ ይጠጡ ነበር። ትልቅ ስም ያለው ቦታ በርሊንን ደጅህ ድረስ ያመጣልሃል፤ ትንሽ ቦታ ያለ ሰው ግን የጉዞውን ገንዘብ ራሱ መፈለግ አለበት።

ከነዚህ ሰዎች ታሪክ የምንማረው፣ ሄደው በጸኑባቸው ቦታዎች ምን እንደነበረ ነው። እኔ ሦስት ነገር አያለሁ።

አንደኛ፣ ሰው። ለካሃል ሲማሮ፣ ለሄብ ላሽሊ፣ ለሚልነር ሄብ፣ ለሞሰሮቹ አንደርሰን። ፒኤችዲ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ መማር አይደለም፤ እንደ ሸማኔና እንደ አንጥረኛ ልጅ ከባለሙያ ጎን ቆሞ እጅን ማስለመድ ነው። ባለሙያው ጊዜ ከሌለው የቤቱ ስም ምን ይሠራል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ። የጎልጂ ቀለም፣ የዛይስ ማይክሮስኮፕ፣ የሞሰሮቹ የላብራቶሪ ዕቃ።

ሦስተኛ፣ መውጫ መንገድ። ሥራህን ለሚያውቅ ሰው የምታሳይበት።

በነገራችን ላይ ይኼ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ፈልጎ ዋሸራ፣ ድጓ ፈልጎ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፈልጎ ዙር አምባ ይወርድ ነበር። ቦታዎቹ ከተማ አይደሉም፣ ገጠር ናቸው። ለጎረቤት ስማቸው ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለባለሙያው ግን የሙያው ዋና ከተማ ናቸው። ሲጠየቅም «ከማን ተማርክ?» ነው የሚባለው። ጥያቄውን ድሮ እናውቀው ነበር፣ አሁን ረሳነው።

ለልጅቷ የጻፍኩላት

ስለዚህ «ይኼኛውን ምረጪ» አላልኳትም። መጠየቅ ያለባትን ነው የላክሁላት። ለሌሎቻችሁም ይኸውላችሁ፦

1. ፕሮፌሰሩ እስካሁን ስንት ተማሪ አስመረቀ? በስንት ዓመት? ዛሬ የት ናቸው? አሜሪካ ውስጥ ይኼ ትምህርት አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

2. አሁን ያሉትን ተማሪዎች እሱ በሌለበት አናግሪያቸው። ሲያወሩ ድምፃቸውን ስሚ። ብዙ ነገር የሚነግርሽ እሱ ነው።

3. እሱ ቢዛወር ወይም ባትስማሙ፣ እዚያው ልትሠሪበት የምትችይው ሁለተኛና ሦስተኛ ላብራቶሪ አለ? የሄብን ታሪክ አስታውሺ፤ አማካሪዎች ይሄዳሉ። ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች በመጀመሪያው ዓመት ተማሪውን በተለያዩ ላብራቶሪዎች እያዘዋወሩ ያስሞክራሉ። አውሮፓ ግን ብዙ ጊዜ ተማሪው ከመጀመሪያው ለአንድ ፕሮጀክት ነው የሚቀጠረው፤ ስለዚህ እዚያ ይኼ ጥያቄ ይብስ ይከብዳል።

4. የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል? የወር ክፍያው በዚያ ከተማ የቤት ኪራይ ያስኖራል? በትልቅ ከተማ ብዙ መስሎ የሚታይ ገንዘብ ኪራይ ይበላዋል፤ በትንሽ ከተማ ያነሰው ይበቃል። ወደ ቤት የምትልኪ ከሆነ ደግሞ በደንብ አስቢው።

5. ተማሪዎቹን ወደ ስብሰባ ይልካሉ? የአሜሪካው የኒውሮሳይንስ ማኅበር በየዓመቱ ትልቅ ጉባኤ አለው። ያንቺ በርሊን እሱ ነው። የጉዞሽን ወጪ ማን ይከፍላል?

ለነዚህ ጥያቄዎች ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ መልስ ካለው እሰየው፣ ስሙም ትርፍ ነው። ጥሩ መልስ ያለው ትንሹ ከሆነ ግን ስሙን ሰው ስላላወቀው ብቻ መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ለወላጆችም አንዲት ነገር ልበል። ልጃችሁ የምትሄደው ለአምስት ለስድስት ዓመት ነው፤ ከቤት ርቃ፣ ብርድ ሀገር፣ ሥራዋ አልሳካ ሲል ብቻዋን ሌሊት ላብራቶሪ የምታመሽ ናት። ያን ጊዜ ደጁ ላይ የተጻፈው ስም አያጽናናትም። በሩን አንኳኩታ «አቃተኝ» ስትለው ቀና ብሎ «ነይ እስቲ አብረን እንየው» የሚላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ጎረቤት ስሙን ካላወቀው እናንተ ንገሩት። ትሮንድሄምን ዛሬ የአንጎል ተመራማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያሳወቁት እዚያ የሠሩት ሰዎች ናቸው።

እዚህ ገጽ ላይ ካላችሁት መካከል ፒኤችዲ እየሠራችሁ ያላችሁ፣ የጨረሳችሁም አላችሁ። እናንተ ስትመርጡ ምን አያችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ታናናሾቻችሁ ያነቡታል። የሚጠቅመው ሰው ካለ ሼር አድርጉለት።

ሰናይ ጊዜ!